ጥቁር ክር የገዙ ዕለት

እትዬ ትርፌ ማረፋቸውን የነገሩኝ ጋሽ ጌታሁን ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት፣ በምሠራበት ክሊኒክ፣ አንዲት አሮጊት ፊቴ ቆመው የኢንሹራንስ ካርዳቸውን ከቦርሳቸው ሲፈልጉ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። የእድራችን ሊቀ መንበር በሥራ ሰዓት የሚደውሉት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አሮጊቷን ለባልደረባዬ ትቼ ወደ ኮሪደር ወጣሁ።

"የሺ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ፤ ምነው ጋሼ?"

"ትርፌ አርፋለች። ከእንቅልፏ ሳትነቃ ቀረች፤ ጎረቤቷ ናት ያገኘቻት። ሕመም የለ፣ ምን የለ።"

እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሐዘኑን በሁለት ቃል ጨርሰው ወደ ፕሮግራሙ ገቡ። የእትዬ ትርፌ አንድ ልጅ ሳሚ የትልቅ ጭነት መኪና ሾፌር ነው። እሑድ ጠዋት ሎድ ይዞ ወደ አሪዞና ወጥቷል፤ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው።

"መሪ ለያዘ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም" አሉኝ። "ሎዱን አራግፎ በሰላም ይግባ። እሑድ በማለዳ ሊልበርን ቤቱ ሄደን በወጉ እናረዳዋለን። አንቺን እንደ እህቱ ነው የሚያይሽ፤ ሊደውልልሽ ይችላል። አደራ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ!"

"እሺ ጋሼ" አልኩ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። አትላንታ ካለ ሐበሻ ሁሉ ይህን እሺ ማለት የማይገባት አንዲት ሴት ብትኖር እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ እትዬ ትርፌ ማን እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

የተዋወቅነው ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ፣ በአንዲት ኮሪያዊት ላውንደሪ ቤት ነው። እኔ በዲቪ ከመጣሁ ገና ስድስት ወሬ ነበር። ከዶራቪል ባቡር ቀይሬ እየመጣሁ ካውንተር ላይ ሸሚዝ እቀበላለሁ፣ ቲኬት እሰጣለሁ። እትዬ ትርፌ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ አልተሬሽን ይሠሩ ነበር፤ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ወገብ ያሰፋሉ፣ የሙሽራ ቀሚስ ይቀመቅማሉ። ከሊልበርን ሲመጡ ሃይዌይ አይነዱም። በሎካል መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዘው፣ ከሁላችንም ቀድመው ይደርሳሉ። ለምን በሃይዌይ እንደማይመጡ ስጠይቃቸው፣ "ሃይዌይ ላይ ሰው የሚያስበው ስለ መድረስ ብቻ ነው" አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ላይ አልወደድኳቸውም። የኔ አፍ አያርፍም፤ ዝም ያለ ሰው ሳይ ደግሞ የሰደበኝ ይመስለኛል። እሳቸው በቀን አሥር ቃል ከተናገሩ ብዙ ነው። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጀርባቸው መደገፊያውን ነክቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ራሴ የተከልኩትን የሸሚዜን ቁልፍ አዩና እጄን ያዝ አደረጉ። ምንም ሳይሉ የእጅጌዬን ጫፍ ገልብጠው በውስጥ በኩል ያለውን ክር ተመለከቱ። የወፍ ጎጆ ነበር የሚመስለው።

"ፊቱንማ ማንም ይሰፋዋል" ብለው እጄን ለቀቁኝ።

ሰውንም የሚያዩት እንደዚያው ነበር። አንድ ደንበኛ ገብቶ ሲስቅ ሲጫወት ቆይቶ ሲሄድ፣ ከመስኮቱ ሥር ቀስ ብለው፣ "የዚህ ሰውዬ ጀርባው ቋጠሮ ነው" ይሉኛል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሰውየው ጥቁር ሱፍ ይዞ፣ ለቀብር ነው አጥብቡልኝ ብሎ ይመጣል። አንዴ ሁለቴ ሲሆን አጋጣሚ ነው አልኩ። በአራተኛው ማማተብ ጀመርኩ።

የጀርባውን ነገር ያስተማሯቸው አንዲት ስዊድናዊት ናቸው። እትዬ ትርፌ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ያደጉት አዲስ አበባ በነበረ የስዊድን ሚሲዮን የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የጥልፍ መምህርታቸው ሚስ ብሪታ ይባሉ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ልጆቹ በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር ብቻ ይጠልፋሉ። ስህተቱ ለዓይን አይታይም፤ ሚስ ብሪታ ግን ጨርቁን ገልብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል። ቋጠሮ ካገኙ ያስፈቱታል። በሁለተኛው ዓመት ቀይ ክር ይፈቀዳል፤ በእሱ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል በጨርቁ ማዕዘን ላይ ይጽፋሉ። ጥቁሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በሚስ ብሪታ አገር፣ ዳላርና በሚባል ቦታ፣ ሴቶች በነጭ የራስ ሻሽ ላይ በጥቁር ሐር እየጠለፉ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱበት ነበር። ለእነሱ ጥቁሩ ጌጥ ነው። የሐዘን ያደረጉት እትዬ ትርፌ ናቸው።

አንድ ቀን ደግሞ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በዚያ አገር በየቤቱ ማንም እጁን የማይጠርግበት ፎጣ እንዳለ ነገሩኝ። ዳር እስከ ዳር ጥልፍ ነው፣ ካውያ የገባበት ነው፤ ሥራው ያደፉትን ፎጣዎች ከፊት ተሰቅሎ መሸፈን ነው። እንግዳ ሲገባ እሱን ብቻ አይቶ ይሄዳል። እትዬ ትርፌም ከስፌት መኪናቸው በላይ አንድ ሰቅለው ነበር። ኮሪያዊቷ እንኳ ነክታው አታውቅም። እኔ ግን አላስችል ብሎኝ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲተኩሱ ጠብቄ ጫፉን ገለጥ አደረግኩት። ባዶ ግድግዳ ነበር።

"ምን አገኘሽ?" አሉኝ። ዞር አላሉም። ካውያውም አልቆመም።

ሚስ ብሪታ ስለ ለቅሶም ሕግ ነበራቸው። ጸሎት ቤት ውስጥ ስለ ኃጢአት ማልቀስ ይቻላል፤ እንዲያውም የሚወደድ ነው። ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ ውጭ ግን፣ ለራበ ሆድም ሆነ ለናፈቀች እናት፣ እንባ ክልክል ነው። "ለኃጢአትሽ አልቅሺ፤ ለሌላው ስፊ" ይሏቸው ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ኃጢአት ኖሯት እንደምታለቅስ እንጃ። እትዬ ትርፌ መስፋቱን ብቻ ተምረው አደጉ።

"ታዲያ አሁን ቸርች ውስጥ ያለቅሳሉ?" አልኳቸው። እሳቸው በሚሄዱበት ቸርች በጸሎት ሰዓት ሕዝቡ ሁሉ እጁን ዘርግቶ እንደሚያነባ አውቃለሁ።

"እጠብቃለሁ" አሉ። "ስልሳ ዓመት አለፈኝ፤ እስካሁን አልመጣልኝም።"

ይህ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት መጥቶ የማያለቅስ ሰው ወይ ቂመኛ ነው ወይ ጨካኝ ነው። እትዬ ትርፌ ደግሞ የማይደርሱበት ለቅሶ ቤት የለም፤ ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ፣ ሙስሊም አይሉም። ሴቱ ደረቱን ሲመታ እሳቸው ጥግ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ከቦርሳቸው ነጭ ጨርቅ፣ መርፌና ጥቁር ክር ያወጣሉ። ክር ጨርቅን ሲያልፍ የሚያሰማው ትንሽ ድምፅ አለ፤ ለቅሶው ጋብ ሲል በቤቱ ውስጥ እሱ ብቻ ይሰማል። "እንባዋን ፈረንጆቹ ወስደውባታል" ይላሉ ሴቶቹ። ጮሆ ማልቀስ የማይወዱት የወሎ ሙስሊሞች ብቻ ናቸው ጥሩ ሐዘንተኛ ናቸው ያሏቸው። በሦስተኛው ቀን ጨርቁን አጥፈው ለሐዘንተኛው ይሰጡታል። መሐሉ ላይ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ግራና ቀኝ የሚተያዩ ሁለት ወፎች፣ ማዕዘኑ ላይ የሐዘንተኛው ስም የመጀመሪያ ፊደል።

እንዲህ ያለ ሥራ ግን በሦስት ቀን አያልቅም። የጨርቁ ክር አንድ በአንድ እየተቆጠረ ነው የሚጠለፈው፤ በቀን የመዳፍ ግማሽ ከሠሩ ጎበዝ ናቸው። ይህን ነገር ዘግይቼ ነው ያስተዋልኩት። አንድ ቀን ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ በጥቁር ክር "ሙ" የሚል ፊደል ሲጽፉ አየሁ። በሳምንቱ ሙሉ የምትባል የሰፈሬ ልጅ የእናቷን መርዶ ተረዳች። እንደገና አማተብኩ።

ምሥጢሩን የነገሩኝ ጋሽ ጌታሁን ናቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህ የታወቀ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው እድሩ ነው። ሐዘንተኛው ከሥራ የሚያርፍበት ቀን እስኪደርስ ድረስ ይደበቅና፣ በዚያን ዕለት ማለዳ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። እስከዚያ የሚያውቀው ሁሉ እየሳቀ ያነጋግረዋል። እትዬ ትርፌ ስለማያለቅሱ ከሁሉ ቀድሞ ይነገራቸዋል፤ የሚያጽናና ሰው ማሰለፍ፣ ቤት ማዘጋጀት የሳቸው ድርሻ ነበር። "የሷ ፊት ማኅተም ነው" አሉኝ ጋሽ ጌታሁን በኩራት። ለማንም በአፋቸው ላይናገሩ ቃል ገብተውላቸዋል።

እንኳንም ጥንቆላ አልሆነ አልኩና ተነፈስኩ። ብዙ አልተነፈስኩም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ለአባቴ ካፖርት ገዛሁለት። አባባ ድምፁ ነው ትልቅ እንጂ ቁመቱ አጭር ነው፤ እጅጌው ይረዝምበታል። ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ መንገደኛ ስለተገኘች ካፖርቱን ለእትዬ ትርፌ ሰጠኋቸው። ለሳቸው የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ተቀበሉኝና እጃቸውን በአንዱ እጅጌ ውስጥ አስገብተው እንዲያው ዝም ብለው ቆዩ።

"ለማን ነው?"

"ለአባባ።"

"ደህና ናቸው?"

"ኧረ ደህና ነው! ትናንትና እኮ ደውዬ ነበር። ሲስቅ ሲጫወት ነው ያመሸው።"

"አባትሽ?"

"አይ፣ ወንድሜ። አባባ ተኝቶ ነበር።"

ካፖርቱን በጥንቃቄ አጠፉትና ከሁሉም ልብስ በታች አደረጉት።

በማግስቱ ጠየቅኳቸው፤ አላለቀም። በሦስተኛው ቀን አላለቀም። በሳምንቱም አላለቀም፣ መንገደኛዋም ሄደች። ያኔ ቱግ አልኩ። "እትዬ፣ የፈረንጁን ሱሪ ሁሉ ሲያሳጥሩ ይውላሉ፤ የኔ አባት ምን በደለ?" አልኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። "ሌላ መንገደኛ ይገኛል" አሉ። በነዚያም ቀናት እንደ ወትሮዬ ከካውንተሩ ሆኜ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ለወንድሜ እደውል ነበር። አባባ አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ አንዴ ጎረቤት ቤት ነው። ወንድሜ ይቀልዳል፣ እኔ እስቃለሁ። ስደውል የእትዬ ትርፌ የስፌት መኪና ይቆማል፤ ስዘጋ ይቀጥላል።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ልንዘጋ ስንል ጠሩኝ። በቀጭን ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አድርገው እጃቸውን አነሱ። ፈታሁት። ነጭ ጨርቅ፣ ጥቁር ክር፣ ኮከቡ፣ ሁለቱ ወፎች።

"ይቺ ለማን ናት?" አልኩ። ለቅሶ ቤት እንድወስድላቸው የሰጡኝ መስሎኝ ነበር።

ጨርቁን ገለበጡት። ጀርባው ልክ እንደ ፊቱ ነበር፤ አንድ ቋጠሮ የለበትም። የቀኝ እጄን አመልካች ጣት ይዘው ማዕዘኑ ላይ አሳረፉት። "የ" ይላል።

"አፌን አልከፈትኩም" አሉኝ። "ልብ በይ የሺ፣ እኔ ምንም አልተናገርኩም።"

ለወንድሜ ደወልኩ። አባባን አሁኑኑ አገናኘኝ አልኩት። አለቀሰ። አባቴ ከሞተ ስድስት ቀኑ ነበር። እኔ ስድስት ቀን ሙሉ እየሳቅኩ ስለ ካፖርት ሳወራ አፈር ለብሷል። በላስቲክ ተሸፍነው በተሰቀሉት ሱፎች መሐል እየጮህኩ ስወድቅ ኮሪያዊቷ ሮጣ መጣች፤ ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን አንስታ ነበር። እትዬ ትርፌ ከኋላዬ ተንበርክከው ያዙኝ። እጃቸው በረዶ ነበር። በጆሮዬ፣ "ጩኺ" አሉኝ። "ጩኺ የኔ ልጅ፣ ለኔም ጭምር ጩኺልኝ።"

ለምን እንዲያ እንዳደረጉ የነገሩኝ አርባው ካለፈ በኋላ ነው። እናታቸው ሲሞቱ ማንም አልነገራቸውም። እናትሽ ጠበል ሄዳለች፣ ትመለሳለች ተብለው ነው ሚሲዮን የገቡት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጥልፋቸውን ይዘው በሩ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። አንድ ቀን አንዲት ልብስ አጣቢ ለጓደኛዋ በእሳቸው በኩል እየጠቆመች፣ "ይቺኛዋ እናቷ የሞተችባት ናት" ስትል ሰሙ። ለሳቸው መርዶው ይኸው ነበር። ያን ጊዜ አብሯቸው የሚያለቅስ ሰው አልነበረም፤ ለሌላው ሁሉ ነገሩ ያረጀ ነበር።

"ለቅሶ ጊዜ አለው" አሉኝ። "ካለፈሽ ተመልሶ አይመጣም።"

ከዚያ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ቀኖቹን ቆጠርኩ። ያ ጨርቅ ቢያንስ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። አባባ ከሞተ ስድስት ቀኑ ነበር። ሥራ ቦታ ስደርስ ኮቴን ሳላወልቅ መቼ እንደጀመሩት ጠየቅኳቸው።

"ካፖርቱን ያመጣሽ ዕለት።"

"ያኔ እኮ አባባ በሕይወት ነበር!"

"ወንድምሽ በጣም ይስቅ ነበር" አሉ። "እንዲያ ሲበዛ የሚስቅ ድምፅ ከጀርባው ቋጠሮ አለበት።"

ወንድሜን ስጠይቀው አባባ አንድ ወር ሙሉ አልጋ ላይ እንደነበር፣ እሱንም እንደደበቁኝ አመነ። ስለዚህ ማብራሪያ አለው፤ ሴትየዋ ጆሮ ነበራቸው ማለት ነው። ይህ ማብራሪያ ግን የሚሠራልኝ ከሰው ጋር ሆኜ ሳወራው ነው። ብቻዬን ስሆን፣ እጃቸው በአባቴ ካፖርት እጅጌ ውስጥ ገብቶ ዝም እንዳሉ ነው የሚታየኝ።

ጋሽ ጌታሁን አልማሯቸውም። ቃልሽን በላሽ አሏቸው፤ እሳቸው አፌን አልከፈትኩም አሉ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከእድሩ ማንም ምንም አይነግራቸውም። አሁን የሚያስፈራው ነገር መጣ። ሳይነገራቸውም ጨርቆቹ በጊዜያቸው ይደርሱ ነበር። ሐዘንተኛው ቤት እንግዳው ሳይገባ እትዬ ትርፌ ግማሹን የጨረሱትን ጨርቅ ይዘው ከች ይላሉ። ዶራቪል ካለው የጨርቃ ጨርቅ መደብር "እትዬ ትርፌ ዛሬ ጥቁር ክር ገዙ" የሚል ወሬ የወጣ እንደሆነ፣ የአትላንታ ሐበሻ ሁሉ ወደ አገር ቤት ይደውላል። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችን፣ "ዛሬ ሁላችሁም ምን ነካችሁ?" ይሉናል። እኔ እስቅ ነበር፤ እየሳቅኩ ግን እደውል ነበር።

ሰርግ የሚጠራቸው ቀረ። ለቅሶ ቤት ሲቀመጡ ግራና ቀኛቸው ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። የመገለላቸው ምክንያት እኔ ነኝና አጠገባቸው እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን፣ "በኔ የተነሳ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ" ብላቸው፣ "ቦታው ሲሰፋ ክርኔ አይጋጭም፤ ደህና ሆነልኝ" አሉኝ። ፈገግ ማለታቸውን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሳሚን ያወቅኩት በሳቸው በኩል ነው። አምስት ዓመቱ ሳለ ነው ይዘውት የመጡት፤ አማርኛው የቤት አማርኛ ነው፣ ፊደል አልያዘለትም። ለቅሶ ቤት ደርሶ አያውቅም፤ በዚህ እናቱም አላስገደዱትም። መንገድ በወጣ ቁጥር ሸሚዞቹን ተኩሰው ቦርሳውን የሚያዘጋጁለት እሳቸው ናቸው። ደጅ ወጥተው መኪናው እስኪታጠፍ ቀጥ ብለው ያዩታል እንጂ እጃቸውን አያወዛውዙም። እሱ ከመንገድ እየደወለ፣ "የሺ፣ ማሚ አፕሴት ናት ወይስ ኦኬ ናት? ፊቷ አይነበብም እኮ" ይለኛል። እኔም አስተርጓሚ ሆኜ አገለግላለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት፣ ሊልበርን ቤታቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሳሚ ሎድ ላይ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ላይ ነጭ ጨርቅ፣ መርፌው ላይ ጥቁር ክር። ኮከቡ አልቆ አንዱ ወፍ ቆሟል፤ ማዕዘኑ ገና ባዶ ነው። ለማን ነው ብዬ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሻይ ጠጥተን እጅ ስለማይጠረግበት ፎጣ አወራን፤ ኮሪያዊቷ ሱቁን ስትሸጥ ይዘውት መጥተው ሳሎን ሰቅለውታል። ስወጣ እንደ ልማዳቸው እጅጌዬን ገልብጠው አዩ። "ተሻሽለሻል" አሉኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ቆልፌ አዲስ አበባ ደወልኩ። ወንድሜን ቪዲዮ አብራ አልኩት። እናቴን አሳየኝ፣ እህቴን አሳየኝ፣ ልጆቹን አሳየኝ፣ ተራ በተራ አሰለፍኳቸው። ሁሉም አሉ። ደስ ብሎኝ ሃይዌይ ገባሁ። ሊልበርን ውስጥ ያሉትን አልቆጠርኩም።

እና ማክሰኞ ጋሽ ጌታሁንን እሺ አልኳቸው። ረቡዕ ሳሚ፣ ማሚ ስልክ አታነሳም፣ ሰላም ናት? ብሎ ቴክስት አደረገልኝ። "ተኝተው ይሆናል" ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩለት። ከላክሁት በኋላ ቃሉን አየሁት። የወንድሜ ቃል ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም። ያን ቀን ሥራ ላይ ለበሽተኛው ሁሉ ፈገግ ስል ዋልኩ፤ አንዲት ነርስ ዛሬ ደስ ብሎሻል አለችኝ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ደወለ። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነበር የምበላው። ከጀርባው የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

"ሃይ የሺ። ማሚ አሁንም አታነሳም። ተኝታ ነው ስትዪኝ ኦኬ አልኩ፣ ግን ላይክ፣ ሁለት ቀን የሚተኛ ሰው የለም፣ ራይት?"

"ሳሚዬ..."

"ዌት፣ ሌላም አለ። ቅድም ጋዝ ልሞላ ስቶፕ አድርጌ ንጹሕ ሸሚዝ ስፈልግ ከቦርሳው ሥር አንድ ነገር አገኘሁ። እሷ ናት ፓክ ያደረገችው። ነጭ ጨርቅ ነው፣ በጥቁር ኮከብ ምናምን፣ ሁለት በርድስ። ይሄ እኮ ሰው ሲሞት የምትሰጠው ነው፣ አይደል? ሎድ በሌለኝ ቀን ቤት ስትሠራ አይቻለሁ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኮርነሩ ላይ 'ሳ' ይላል። ከፊደል የማውቀው እሷን ብቻ ነው። የሺ፣ ማን ሞቶብኝ ነው?"

ሳንድዊቹን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ ጌታሁን ተሳስተዋል አልልም፤ መሪ የያዘ ሰው መርዶ አይሰማም። ግን እኚያ ሴት ሞታቸውን ማን እንደሚደብቅ አውቀው፣ ልጃቸው በር ሥር ተቀምጦ እንዳይጠብቃቸው፣ ቀድመው አሰናድተውት ሄደዋል። እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ። አፍ የቀረው የኔ ብቻ ነበር።

"የት ነህ?" አልኩት።

"ቴክሳስ። ሃይዌይ ላይ ነኝ።"

"ፓርክ አድርግ።"

"ዋት? ለምን?"

"መጀመሪያ ፓርክ አድርግ፣ ወንድሜ። አልዘጋም፣ እዚሁ ነኝ።"

ፍሬቻው ሲመታ ሰማሁ። ጎማዎቹ ጠጠር ላይ ወጡ፣ ፍሬኑ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ በጸጥታው ውስጥ አንድ የማውቀው ትንሽ ድምፅ መጣ፣ ክር ጨርቅን ሲያልፍ የሚሰማው። ምናልባት ጨርቁን በጣቱ እየዳሰሰ ይሆናል። ድምፁ ቆመ።

"ፓርክ አደረግኩ" አለ።

በአፌ ነገርኩት።